አንቱ የተባለች ረባሽ

በእኔ ክፍልና በቃሪያ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። እኔ በዚህ በኩል «ሰባት ሲባዛ በስምንት» ስል፣ እሷ በዚያ በኩል «ዝም በሉ!» ትላለች። ልጆቼ ሁለታችንንም እየሰሙ ነው የሚያድጉት። አንድ ቀን አንዱን አስነስቼ «ሰባት ሲባዛ በስምንት?» ብለው፣ ሳያቅማማ «ዝም በሉ!» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልቆጣው አልቻልኩም፤ የተማረውን ነው የመለሰልኝ።

ቃሪያ ስሟ አይደለም። ተማሪዎቿ ናቸው ያወጡላት። ታውቃለች፤ ደስ እንደሚላትም እጠረጥራለሁ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናደድ እስከ ጆሮዋ የምትቀላ። ድምፅዋ ከቁመቷ ጋር ጨርሶ አይመጣጠንም። እኔ ደግሞ ጸጥታ የምወድ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከዚህች ሴት ጋር በኮምፔርሳቶ ያጎራበተኝን ሰው እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ርእሰ መምህርታችን ከስልጠና ሲመለሱ ነው። አለቃ ከስልጠና ሲመለስ መፍራት ነው። እሳቸውም ጥቅል ወረቀት በብብታቸው ሸጉጠው መጡና በየኮሪደሩ ፖስተር ለጠፉ። «መልካም ባህሪን እናበረታታ» ይላል በትልልቅ ፊደል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን መጮህ ተከለከለ። መቆንጠጥ ድሮም ክልክል ነው። አሁን ግን ጆሮ መያዝም፣ ከክፍል ማስወጣትም፣ «ደደብ» ማለትም ቀረ። ልጅ ሲያጠፋ አትጠብቁት፤ ደህና ሲሠራ ያዙት ተባልን። ለየክፍሉም በጀርባው ሙጫ ያለው የወረቀት ኮከብ ታደለ።

«ደህና የሠራ ልጅ ኮከብ ይለጠፍለታል» አሉ።

«ያልሠራስ?» አለች ቃሪያ።

«እስኪሠራ ትጠብቂዋለሽ።»

«እስከ ጡረታዬ?»

ሳቅን። ርእሰ መምህርታችን አልሳቁም። ቃሪያ ይህን ስትል በልቧ የያዘቻት ልጅ ማን እንደሆነች ግን እሳቸውም አልጠፋቸውም፤ ቤንዚን ናት።

አንቱ የተባለ ሐኪም፣ አንቱ የተባለ ነጋዴ እንደሚባለው፣ ቤንዚን አንቱ የተባለች ረባሽ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክብሪት የሚጭርባት ሳያስፈልግ በራሷ ትቀጣጠላለች። የሰው ደብተር ቦይ ውስጥ ትከታለች፤ ቧንቧው ጋ ሰልፍ የያዙትን የአንደኛ ክፍል ጩጬዎች ትገፈትራለች፤ አንዷን ልጅ በገዛ ጸጉሯ ከወንበር ጋር አስራት አግኝተናል። በግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው «አንቺ!» ብሎ ከጮኸ ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ዞርም አይሉም፤ ለማን እንደሆነ ያውቁታል። እሷም ታውቀዋለች። ስሟን የሚጠራ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እኔ ራሴ ስሟን የማየው ውጤት ሳስገባ ብቻ ነው።

እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው አክስቷ ቤት ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ወላጅ አምጪ በተባለ ቁጥር ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር እያራገፈች ትመጣለች፤ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ያልጨረሰችው ሥራ አለና እየሮጠች ትመለሳለች። ቤንዚን ከእኛ በፊት ከሁለት ትምህርት ቤት ተባርራለች። ከዚህም ከወጣች የሚቀበላት እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነኝ። «ትሰናበት» ብዬ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ አላፍርበትም፤ ሌሎቹ ልጆችም እኮ ልጆች ናቸው። ርእሰ መምህርታችን ግን «የመጨረሻ ዕድል ይሰጣት፤ ከዚህ በኋላ አንድ ከባድ ጥፋት ካጠፋች ትሄዳለች» ብለው ቋጩት።

አንድ ጠዋት ከኮምፔርሳቶው ማዶ ወንበር ሲወድቅና ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ። ዛሬስ አበቃ ብዬ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ርእሰ መምህርታችንም በኮሪደሩ እየመጡ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ቤንዚን ዴስክ ላይ ቆማ የአንዱን ልጅ ቦርሳ በመስኮት ልትወረውረው ታወዛውዘዋለች፤ ባለ ቦርሳው ከታች ሆኖ ይነፋረቃል። ቃሪያ ለመጮህ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ከርእሰ መምህርታችን ዓይን ጋር ገጠመ። አፏን ዘጋች። ጆሮዋ ቀላ።

መጮህ ተከልክሏል። ማሽሟጠጥን የሚከለክል ፖስተር ግን አልተለጠፈም። ቃሪያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እመቤቴ» አለች፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ፤ «ደስ ካለዎት ከዚያ ላይ ቢወርዱልን? ትምህርት እንዳንጀምር እርስዎን እየጠበቅን ነው።»

ትልቅ ሰው ብትሆን ይህ ጥፊ ነው። ታናሽህን «እርስዎ» ካልከው ከስድብ ይብሳል፤ የሚገባው ሰው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጣል። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ግን ሽሙጥ ገና አልደረሱበትም። አንድም የሳቀ የለም። ቤንዚን ቦርሳውን እንደያዘች ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ከጀርባዋ ትልቅ ሰው የቆመ መስሏት ነው። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ቀስ ብላ ወደ ቃሪያ ተመለሰች።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው እንጂ! ሌላ ማን ዴስክ ላይ ቆሟል?»

ወረደች። ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገች። ቦርሳውን በሁለት እጇ ለባለቤቱ ሰጠችው። ከዚያም ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ፎቶ ሊያነሷት እንደሆነ ሁሉ። እኔና ርእሰ መምህርታችን ተያየን። እኔ የሆነውን ገብቶኛል። እሳቸው ግን ከስልጠና ነው የመጡትና ፊታቸው በራ።

በማግስቱ ቃሪያ ደገመችው። «የሠራ ነገር ለምን ይቀየራል?» አለችኝ፣ ሻይ ላይ እየሳቀች። «እርስዎ የጻፉትን እስቲ ያሳዩኝ» ትላለች፤ ልጅቷ ደብተሯን ታሳያለች፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ፣ ታምር ነው፣ የተጻፈ ነገር ይገኛል። «ሰሌዳውን ቢያጠፉልኝ» ትላለች፤ ሰሌዳው ይጠፋል። የክፍሉን ቁልፍ ሳይቀር ሰጠቻት፤ ከትምህርት በኋላ ቆልፋ የምታመጣው እሷ ሆነች። ቤንዚን የተበጠሰውን የዩኒፎርም ቁልፏን አስተከለች። ፊቷን ታጥባ መምጣት ጀመረች። በኮምፔርሳቶው በኩል የሚመጣው ድምፅ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ፣ አንድ ቀን የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ።

አፌን ያስያዘኝ ግን ቧንቧው ጋ ያየሁት ነው። የእረፍት ሰዓት ነው፤ የአንደኛ ክፍሎቹ እንደ ልማዳቸው ይገፋፋሉ። ቤንዚን መሃላቸው ቆማለች። አሁን አንዱን ትደፋዋለች ብዬ ፈጠን ፈጠን አልኩ።

«እርስዎ ከኋላ ነበሩ» ትለዋለች አንዱን አፍንጫው የሚዝረበረብ ጩጬ። «እሳቸው ይቅደሙ። ይጠጡ፣ አይፍሩ፣ ማንም አይገፋዎትም።»

ጩጬው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ማንን እንደሆነ አየ። ማንም የለም። ከዚያ ደረቱን ነፋ አድርጎ ቦታውን ይዞ ቆመ። ሳቄ መጣ፤ ግን ሳልስቅ ቀረሁ። ያቺ ልጅ የተሰጣትን ለብቻዋ አልበላችውም፤ ከእሷ ለሚያንሱት እያካፈለች ነው። ክፍሌ ገብቼ ለረጅም ጊዜ ሒሳብ ማስተማር አልቻልኩም፤ ልጆቼን የግል ሥራ አሠራኋቸው።

ርእሰ መምህርታችንም አይተው ኖሯል። ሳምንታዊው ስብሰባ ላይ፣ ሁላችንም መምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰብስበን፣ ቃሪያን አስነሷት።

«እንዲህ ነው መልካም ባህሪን ማበረታታት!» አሉ። «እስቲ ዘዴሽን ለባልደረቦችሽ አካፍዪ።»

«አዎ፣ እስቲ ያብራሩልን ክብርት ሆይ» አልኩ እኔ ከጥግ።

ቃሪያ ቁጣ ሲመጣባት የት እንደምታስቀምጠው ታውቃለች። ምስጋና ሲመጣባት ግን እንደ ትኩስ ድስት ነው፤ የምትጥልበት ቦታ ነው የምትፈልገው።

«ኧረ ምን ዘዴ አለው!» አለች፣ እጇን እያወናጨፈች። «ላሾፍባት ብዬ እኮ ነው እርስዎ ያልኳት! እሷ ሆዬ፣ የምር መሰላት!»

ቤቱ ተናጋ። ርእሰ መምህርታችን እንኳ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔማ እንባዬን እየጠረግኩ ቀና ስል ነው በሩን ያየሁት። ቤንዚን ቁልፉን ይዛ ቆማለች። ሳቁ አንድ በአንድ እየተቆረጠ መጣ፤ የመጨረሻው ሰው ብቻውን ሲስቅ ደንግጦ አቆመ። ልጅቷ ቁልፉን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። አልወረወረችውም፤ አስቀመጠችው። ወጣች።

«አንቺ…» አለች ቃሪያ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

ድንጋዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመስኮቱ መስታወት ዝርግፍ አለ፤ ድንጋዩ ርእሰ መምህርታችን እጃቸውን ገና ያነሱበትን የጠረጴዛ ጫፍ መትቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የጡጫ ያህላል። ወደ ውጭ ስንመለከት አልሸሸችም። ግቢው መሃል ቆማ የምታየው ቃሪያን ብቻ ነው።

በነጋታው ጠዋት አክስቷ ተጠራች። ርእሰ መምህርታችን ቢሮ ውስጥ እሳቸው፣ ቃሪያ፣ እኔ፣ አክስትየዋና ልጅቷ ነን። ቤንዚን ወንበሩ ላይ ተጣጥፋ ተቀምጣለች፤ እግሯ ወለሉን አይነካም። ዩኒፎርሟ እንደገና ቁልፉ ተበጥሷል። በጥሳው መሆን አለበት።

«ውሰጃት ካላችሁኝ እወስዳታለሁ» አለች አክስትየዋ። አላለቀሰችም፤ ደክሟታል። «ግን ምን እንዳደረጋችኋት ንገሩኝ። ሰሞኑን ሌላ ልጅ ሆና ነበር እኮ! ትንሹን ልጄን 'ወተትዎን ይጠጡ' ትለዋለች፤ እሱም ይጠጣል። እኔ ስለው ይተፋብኛል። ማታ ከስፌት ስነሳ ወንበር ስባ 'አረፍ ይበሉ' ትለኛለች። እኔን እኮ ነው! እኔን አረፍ በይ ያለኝ ሰው የለም።» ቀሚሷ ላይ የቀረ ክር አነሳች። «ትናንት መጥታ አልጋ ውስጥ ገባች። አልተናገረችም። አልበላችም።»

የተናገረችው ቃሪያ ናት። ምንም ሳትደብቅ፣ ዴስኩ ላይ ከቆመችው ልጅ እስከ ስብሰባው ሳቅ፣ ሁሉንም ለአክስትየዋ ነገረቻት።

«መጀመሪያ ማሾፌ ነበር» አለች። «እውነት ነው። መቼ እንዳቆምኩ ግን አላውቀውም። ጠዋት ጠዋት እርስዎ ስላት ደስ ይለኝ ጀመር። ትናንት ሰው ፊት አፈርኩና አሁንም የማሾፍ መሰልኩ። ውሸቱ ያ ነው።»

ርእሰ መምህርታችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ደንቡን ታውቀዋለህ» አሉኝ። «ኮሚቴው ምን ይላል?»

«ደንቡ ትሂድ ይላል» አልኩ። «ችግሩ ኮሚቴውም ስቋል።»

«እኔም ስቄያለሁ» አሉ እሳቸው። «ሰው እናስወጣ ካልን ከማን እንደምንጀምር አላውቅም።» ከወንበራቸው ተነስተው ልጅቷ ፊት መጡ። «ትምህርት ቤቱ አያባርርሽም። አንቺስ? መቆየት ትፈልጊያለሽ?»

ቤንዚን ራሷን ነቀነቀች። አይ ነው።

አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። ስንት ጊዜ ትሂድልን ብለን ነበር፤ አሁን ራሷ እሄዳለሁ ስትል ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አየር አጠረ። ከዚህ ወጥታ የምትሄድበት የለም። ይህን ታውቃለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆንም ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቃለች። እያወቀች ነው አይ ያለችው።

ቃሪያ ከወንበሯ ወርዳ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። አጭር ስለሆነች ፊትና ፊት ገጠሙ። አፏን ከፈተች፤ ቆመች። ምን እንዳነቃት ያኔ ነው የገባኝ። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ግን በምን አፏ? «ይቅርታ አድርጊልኝ» ካለች ሰጥታት የነበረውን መንጠቋ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ካለች ደግሞ ሽሙጡን መድገሟ ነው። ባዶውን «ይቅርታ» ብሎ ማለፍ ደግሞ ከሁለቱም መሸሽ ነው። ያቺ ለአፏ ለከት የሌላት ሴት ፊታችን ምላሷ ተሳሰረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች በመጨረሻ።

ቤንዚን ቀና ብላ ፊቷን መመርመር ጀመረች። ዓይኗን አየች፤ አፏን አየች፤ የሳቅ ጭላንጭል የምትፈልግ ይመስላል። ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«እያሾፉብኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ጆሮዎ ቀልቷል።»

«ሳፍርም ይቀላል።»

ልጅቷ ይህን አሰበችበት። ከዚያም እጇን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ አይበሉኝ» አለች።

ቃሪያ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ፤ የተሰበረው ነገር አይጠገንም።

«ልጆቹ አያጫውቱኝም» አለች ቤንዚን። «ገመድ ሲዘሉ አይጠሩኝም። ስመጣ ያቆማሉ። 'እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት' ይሉኛል።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ድሮ ስለምማታ አያጫውቱኝም ነበር። አሁን አልማታም። አሁንም አያጫውቱኝም።»

አክስቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ርእሰ መምህርታችን ጀርባቸውን ሰጥተውን የቢሮው ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ፖስተር ያነባሉ፤ መልሱ እዚያ ላይ እንዳልተጻፈ አውቃለሁ። አንዲት ሕፃን ልጅ ትልቅ ሰው ከሚያገኘው ክብር ሁሉ ቆርሳ ስትቀምስ ሰንብታ፣ የራባት ሌላ ነገር መሆኑን ማናችንም አላየንም።

ቃሪያ እንደተንበረከከች ነው። እጇን ዘርግታ የልጅቷን ጉልበት ያዘች። በኮምፔርሳቶው በኩል ለዓመታት ሰምቼው በማላውቀው፣ ከሹክሹክታ ብዙም በማይበልጥ ድምፅ፣ «ታዲያ ምን ልበልሽ፣ እናቴ?» አለቻት።

ቤንዚን ፊቷ ፈታ አለ።

«እንደሱ» አለች።

በማግስቱ ቤንዚንን ከሁላችንም ቀድማ መጥታ የክፍሏ በር ላይ ቆማ አገኘናት።